የሚያለቅሰው ዘሩ አይደለም

ሐምሌ 3 ቀን 2008 ዓ.ም.

ዛሬ የካርድ ቀን ነበር። ዘሩባቤል ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣ። ስሙ ተጠርቶ ከሰልፉ ወጣና ጥቂት እንደተራመደ መጣበት፤ ባንዲራው ሥር፣ ወላጅ ሁሉ ተሰብስቦ እያየ። «ክብሪት! ክብሪት!» ተባለ። አንዱ ሮጦ መጥቶ ክብሪት ጫረና አፍንጫው ሥር ደቀነለት። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ክብሪት ካላሸተተ የማይነሣ ይመስላቸዋል። እኔም ዝም ብዬ አየሁ። ልጄ ሲነቃ ከንፈሩ ላይ ተቃጥሎ ነበር።

«እሱ መጣ» አለ ትንሹ ልጄ ማዕረግ ጮክ ብሎ፣ እንግዳ እንደሚያስተዋውቅ። ከኋላችን የቆሙት ሳቁ። ክንዱን ቆነጠጥኩት።

እኛ ቤት በሽታው በስሙ አይጠራም። «መጣበት» እንላለን፤ «ሄደለት» እንላለን። ትንንሾቹ ታዲያ የሚመጣና የሚሄድ ሰው አድርገው ይዘውታል። ሮዳስ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ማዕረግ ገና አምስት አልሞላውም። በቀደም «እሱ ምሳውን የት ነው የሚበላው?» ብሎ ጠይቆኛል።

ዳይሬክተሩ ካርዱን በእጄ ሰጠኝ። «ወይዘሮ ወርቅውሃ፣ ለመስከረም ተሽሎት ቢመጣ ደስ ይለናል። እንዲህ ከሆነ ግን ሌሎቹ ተማሪዎች ይደነግጣሉ» አለኝ በጨዋ ደንብ። ዘሩ አጠገቤ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ የሚሰማውን አይረሳም።

ሐምሌ 6

ወሰኑ ከጌዶ ደወለ። ባሌ አይሱዙ ነው የሚነዳው፤ በዚህ የተቃውሞ ክረምት መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ጎማ ተቃጥሎበት ይዘጋል። ቤት ከገባ ቆይቷል። ስለ ካርዱ ስነግረው «ክኒኑን እንዳታቋርጪበት» አለኝ።

አላቋርጥም አልኩት። መሪ ጨብጦ መምከር ቀላል ነው። ምላሱን ነክሶ ደም የሚተፋውን ልጅ የማቅፈው እኔ ነኝ።

ሐምሌ 9

ወንድሜ ወንድወሰን ከጊንጪ መጣ። እሱ ሲናገር ቤቱ ይጠባል። ክኒንና ጠበል አብረው አይሄዱም አለ። ክኒኑ ውስጡ ያለውን ያስተኛዋል እንጂ አያስወጣውም፤ የተኛን ነገር ደግሞ ማን ጮሆ ያስለቅቀዋል? እስቲ አንድ ክረምት ክኒኑን ተይለት አለ። ለመስከረም ልጅሽን ጤነኛ አድርጌ አስረክብሻለሁ አለ።

ዘሩ መጽሐፍ የሚያነብ መስሎ ያዳምጥ ነበር። ገጹን ሲገልጥ ግን አላየሁም።

ክኒኑን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀልኩት። ለወሰኑ መንገር አያስፈልግም። ሲድን ራሱ ያመሰግነኛል።

ሐምሌ 14

ከጭልሞ ጫካ ማዶ ካለች አንዲት ጠበል ተመለስን። ሳልተኛ መጻፍ አለብኝ።

ሁለቱን ትንንሾችም በረከቱ ይድረሳቸው ብዬ ይዣቸው ሄድኩ። ዝናቡ ጭቃውን አቡክቶታል፤ ውኃው አጥንት ይሰብራል። ዘሩ ራቁቱን ገባ። ወንድወሰን መቁጠሪያውን በእጁ ጠቅልሎ ጀርባውን፣ ትከሻውን፣ አንገቱን ይመታዋል። «ማን ነህ? የት ያዝከው? ለቀቅሁ በል!» ይላል። ዘሩ በመጀመሪያ ቻለው። ኋላ ግን አለቀሰ። «አጎቴ በቃኝ፣ እኔ ነኝ፣ ዘሩ ነኝ» እያለ ይለምናል። ወንድወሰን ወደኛ ዞሮ «ሰማችሁት? በልጁ ድምፅ እየለመነኝ ነው» አለ። አጥማቂው አባ ሽማግሌ ናቸው፤ «ቀስ በል ልጄ፣ ጸሎቱ ይበቃል» አሉት። አልሰማቸውም፣ ወይም ለመስማት አልፈለገም።

ሮዳስ ከእጄ አምልጣ ሄዳ የአጎቷን እጅ ነከሰች። ማዕረግ ሱሪው ላይ ሸና። ጉድ ሆንኩ፤ ሕዝቡ ሁሉ እኛን ነው የሚያየው። ሁለቱንም ጎትቼ ወደ ዛፍ ሥር ወሰድኳቸውና ተንበርክኬ ነገርኳቸው። «የሚያለቅሰው ዘሩ አይደለም። ውስጡ ያለው ነው የሚያለቅሰው። አትዘኑለት። ካዘናችሁለት አይወጣም» አልኳቸው።

ወዲያው ዝም አሉ። ሮዳስ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ተመልሳ ሄደችና ፊት ለፊት ቆማ አየች። ልጅ ሲያስረዱት እንዴት ቶሎ ይገባዋል ብዬ ተደነቅሁ።

ሐምሌ 18

ተመስገን። ከጠበሉ ወዲህ አልመጣበትም። ጀርባው ሰንበር በሰንበር ነው፤ ቅባት ቀባሁት። ክረምቱን ሙሉ በጠበል እንገፋለን።

ሐምሌ 23

በቀን ሁለቴ መጣበት። ከዚህ በፊት በአንድ ቀን ሁለቴ ሆኖበት አያውቅም። ወንድወሰን በስልክ «ሊወጣ ሲል ይብሳል» አለኝ።

ሐምሌ 25

ልጆቹ የሹፌር ጨዋታቸውን ትተዋል። ዱሮ ዘሩ ሹፌር፣ ሮዳስ ረዳት፣ ማዕረግ ተሳፋሪ እየሆኑ አልጋዬን ጌዶ ድረስ ይነዱት ነበር። ዛሬ ከቢሮ ስገባ ሮዳስ አሻንጉሊቷን ሳፋ ውስጥ ነክራ በቀበቶዬ ትገርፋታለች። «ለቀቅሁ በዪ! ስምሽን ተናገሪ!» ትላለች፣ ቁርጥ ወንድሜን። ማዕረግ እንደ አባ ሆኖ በጣሳ ያፈሳል። ዘሩ አልጋው ላይ ተቀምጦ «አንገቷን አትምቻት፣ ይሰበራል፣ ጀርባዋን ነው» እያለ ያርማታል።

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ቢሮም አወራሁላቸው፤ የሥራ ጓደኞቼ ሁሉ ሳቁ።

ሐምሌ 29

ዘሩን ሳጥበው ሁለቱም ጎኑ ላይ ጥቁር ምልክት አየሁ። የመቁጠሪያ አይደለም፤ አዲስ ነው። ማን መታህ? ስለው ስወድቅ ነው አለኝ። ሰው ሲወድቅ ሁለቱንም ጎኑን አይመታም። ሮዳስ ሻማ እንደያዘ ቄስ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ታየናለች። ወደ ውጭ አባረርኳት።

የሰፈር ልጅ ነው የመታው። ምን ብለው እንደሚጠሩት አውቃለሁ፤ «ያ የሚጥለው ልጅ» ነው የሚሉት።

ነሐሴ 1

ዋና መንገዱ ላይ ተኩስ ነበር። ቢሮ መስኮት ሥር ተኝተን ዋልን። ወደ ቤት ስመጣ አስፋልቱ ላይ ጫማ ብቻ ነው የቀረው፣ ያለ ባለቤት።

ዘሩ ላይ ሌላ ምልክት። ትከሻው።

ደሜ ፈላ። ጎረቤታችን የኦቦ ጂራ ልጅ ፍሮምሳ ኳስ ይዞ በራችን ላይ ቆሞ ነበር። ከዘሩ ጋር የሚውል እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? አፍንጫው እስኪደማ በጥፊ መታሁት። ልጁ ለምን እንደመታሁት እንኳን አልጠየቀኝም።

እናቱ ባየሽ ወጣች። ማለዳ ማለዳ በአጥር ላይ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ ወርቄ» ብላ እንዴት አደርሽ የምትለኝ ሴት ናት፤ ዘሩ ሲወድቅ ስንት ጊዜ አብራኝ አንስታዋለች። አልጮኸችም። የልጇን ደም በቀሚሷ ጠረገችና «ወርቅውሃ፣ ከዛሬ ጀምሮ በሬን አታንኳኪ» አለችኝ።

ሰይጣን ነው እጄን ያነሣው። እኔ እንዲህ አይደለሁም።

ነሐሴ 4

አልጋ ሥር ስጠርግ የተቃጠለ ክብሪት፣ የተቃጠለ ክብሪት። አንድ እፍኝ ሞላ። ሮዳስ ናት። ቤቱን ልታነድልኝ! በቀበቶ መታኋት። ይቺ ልጅ ስትመታ አታለቅስም። ከንፈሯን ገጥማ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ዓይኔን ዓይኔን ታየኛለች። እልኸኛ። እልኋ ይበልጥ ቆሽቴን ያሳርረዋል፤ ብታለቅስ ኖሮ ቶሎ እተዋት ነበር።

ማዕረግ ደግሞ ሰው ሲያዛጋ ሮጦ አፉን በእጁ ይከድናል። ይገባባችኋል ይላል። ዘሩ ሲያዛጋ ግን እንዳይከድንበት ሮዳስ ትከለክለዋለች። «ለሱ ይከፈትለት፣ ይውጣ» ትለዋለች።

ነሐሴ 8

ወሰኑ ደወለ። ክኒኑን እየወሰደ ነው? አለ። አዎ አልኩት። ዘሩ አጠገቤ ነበር። ስልኩን ስዘጋ «እማዬ፣ እስከ መስከረም ካልወጣ አልማርም ማለት ነው?» አለኝ። ይወጣል፣ አታስብ አልኩት። «እኛም እየሞከርን ነው» አለኝ።

እኛ ሲል ከእኔና ከወንድወሰን ጋር ማለቱ መሰለኝ። እንዲህ የሚያስብ ልጅ ሰጥቶኝ በዚህ በሽታ የሚቀጣኝ ምን አጥፍቼ ነው?

ነሐሴ 12

አንገቱ ላይ የጥፍር ምልክት። በዚህ ሳምንት ከቤት አልወጣም። ፍሮምሳም ወዲህ ብሎ አያውቅም።

ልብሱ ጠቦት ይሆናል።

ነሐሴ 15

ነገ አድማ ነው ይላሉ። አለቃችን ደግሞ የቀረ ሰው ስሙ ለበላይ ይተላለፋል ብሏል። የዱሮው ቢሆን ልጆቹን ባየሽ ጋ አስቀምጬ እሄድ ነበር። በሩን በውጭ ቆልፌባቸው ልሂድ። ከተቆለፈ ወታደርም፣ ድንጋይ ወርዋሪም አይገባባቸውም። ለጠበል ያመጣነው ጀሪካን ሙሉ ነው፤ ዳቦም አለ።

ነሐሴ 16

ዘሩ ሆስፒታል ነው። ይተነፍሳል።

ከጠዋት ጀምሮ ተኩስ። በሁሉቃ ወንዝ ዳር፣ ጭቃ ለጭቃ፣ እየወደቅሁ መጣሁ። በሩ ተገንጥሏል። ደም። ወታደር ገባ አልኩ።

ወታደር አይደለም።

ሮዳስ ላይ ያደረግሁትን ዛሬ አልጽፍም።

ነሐሴ 18

ዘሩ ነቃ። ቀኝ እጁ ተሰብሮ በጄሶ ታስሯል፣ ቅንድቡ ተሰፍቷል፣ አንድ ጥርሱ የለም። ሐኪሟ ክኒኑን መቼ እንዳቆመ ጠየቀችኝ። አላቆመም አልኳት። ዘሩ ዓይኑን ከኔ ላይ አነሣና ግድግዳውን አየ። ሐኪሟ ሁለታችንንም አይታ ጻፈች።

ስትወጣ ዘሩ በዚያ በተሰበረ አፉ «ሮዲን እንዳትመቻት» አለኝ። «እኔ ነኝ ምቱኝ ያልኳቸው። ጭንቅላቴን ተዉት፣ ጀርባዬን ምቱ ብያቸዋለሁ። ሳለቅስም ስለምንም እንዳትተዉ ብያቸዋለሁ። ማዕረግ አልታዘዝም ብሎ ነበር፣ አስምዬው ነው።»

ለምን? አልኩት።

«መስከረም ደረሰ» አለኝ።

ከአልጋው ሥር ተቀመጥኩ። መሬቱ ይቀዘቅዛል፤ ነርሷ ተነሺ ብትለኝም አልተነሣሁም።

ነሐሴ 21

የዛን ቀን የሆነውን አሁን ልጻፈው። ግማሹን ባየሽ ሆስፒታል ነግራኛለች፣ ግማሹን ሮዳስ።

በሩን ቆልፌ እንደወጣሁ ተኩሱ ጀመረ፤ ወዲያው ዘሩ ላይ መጣበት። ሄደለት ሲባል ተመልሶ መጣ፣ ደግሞ ተመልሶ መጣ። በቁመቱ ወድቆ እጁ ከአልጋው ብረት ጋር ተጋጨ። ማዕረግ ጀሪካኑን እየጎተተ በጣሳ ጠበሉን አፉ ውስጥ ያፈስ ጀመር። ሮዳስ የመወልወያውን እንጨት አነሣች። ክብሪቱን ጭራ አሸተተችው፤ ከዚያ መታችው። አጎቷ እንደሚለው ስምህን ተናገር አለችው። በመሃል ለጥቂት ጊዜ ዘሩ ነቅቶ ነበር። «ሮዲ በቃ፣ እጄን፣ እኔ ነኝ» ብሏታል።

«የዘሩን ድምፅ አስመስሎ ለመነኝ» አለችኝ ሮዳስ። «አላዘንኩለትም እማዬ። አንድም ጊዜ አላዘንኩለትም።» እንደ ጎበዝ ተማሪ ነው የነገረችኝ።

ባየሽ በግድግዳው በኩል ጩኸቱን ሰምታለች። በር ላይ ስትደርስ ቁልፍ። ኦቦ ጂራን ጠራችው፤ በመጥረቢያ በሩን ገነጠለው። «ያ ዋቃዮ» ብላ አምላኳን ጠርታ ነጠላዋን ቀደደችና ቅንድቡን አሰረችለት። ባጃጅ የለም፣ ሰው የለም። ኦቦ ጂራ ልጄን በጀርባው አዘለው። ባየሽ ፊት ፊት እየሄደች የቀረውን ነጭ ነጠላ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛለች፣ እንዳይተኩሱባቸው። እኔ አፍንጫውን ያደማሁት ፍሮምሳ የኔን ሁለት ልጆች እየጠበቀ ቀረ።

እኔ ስደርስ ሮዳስ እንጨቱን እንደያዘች ነበር። ወንድምሽ የት አለ? አልኳት። «ሊወጣ ነበር እኮ፣ ኦቦ ጂራ አቋረጠን» አለችኝ። እንጨቱ ላይ የዘሩን ፀጉር አየሁ።

ዓይኔ ደም ለበሰ። እንጨቱን ቀማኋትና መታኋት። ጀርባዋን፣ እግሯን፣ ምቱን የምትከላከልበትን ክንዷን። ፍሮምሳ «እትዬ፣ እትዬ» እያለ ቀሚሴን ይጎትታል። እንደ ወትሮዋ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። በመጨረሻ ግን አልቻለችም፤ አለቀሰች። ከጠበሉ ወዲህ ስታለቅስ አልሰማሁም። እያለቀሰች ሁለት እጆቿን ዘርግታ፣ ፊቷን ደህና አድርጌ እንዳያት ወደ ብርሃኑ አዙራ፣ «እማዬ እኔ ነኝ» አለችኝ። «እኔ ነኝ የማለቅሰው፣ ሮዳስ ነኝ።»

እንጨቱ ከእጄ ወደቀ።

ክረምቱን ሙሉ ለምን እንደማታለቅስ ያን ጊዜ ገባኝ። እልህ አልነበረም። ካለቀስኩ «እሷ አይደለችም» ይላሉ፣ አይተዉኝም ብላ ነው።

ነሐሴ 26

ወሰኑ ገባ። መኪናውን ጌዶ ጥሎ፣ ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በፈረስ ጋሪ። ሆስፒታል ሄዶ ልጁን አየ፤ ከዚያ ቤት መጥቶ በቀጥታ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ። ክኒኑን አወረደና ነቀነቀው። ብልቃጡ እንደሞላ ነው።

በጥፊ መታኝ። ከተጋባን ጀምሮ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። ደግሞ ሊመታኝ ሲያነሣ ማዕረግ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ «አባዬ፣ እማዬም ውስጥ ገብቷል?» አለው።

የወሰኑ እጅ አየር ላይ ቀረ። ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ማዕረግ ጣሳ ፍለጋ ዞር ዞር ሲል አየሁት። ሮጬ አቀፍኩት።

ጳጉሜን 2

ባየሽ በር ላይ ሄድኩ። አታንኳኪ ባለችኝ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ፍሮምሳ ከፈተልኝ። ጉልበቱ ላይ ወደቅሁ፤ ልጁ አፍሮ ወደ ጓዳ ሸሸ። ባየሽ «ተነሺ ወርቄ፣ ሰው ያያል» አለችኝ። ይቅርታ አድርጌልሻለሁ አላለችኝም። ወርቄ ግን ብላኛለች።

ወንድወሰን ይደውላል። አላነሣለትም። እሱን ብቻ ብወቅስ ደስ ይለኝ ነበር።

መስከረም 15 ቀን 2009 ዓ.ም.

በዚህ ሳምንት ትምህርት ተጀመረ። ወሰኑ የሐኪሟን ወረቀት ይዞ ዘሩን ራሱ ወሰደው። ከዳይሬክተሩ ጋር ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም፤ ዘሩ ግን ከሰዓት ጣቱ ኖራ ነክቶት መጣ። በግራ እጁ መጻፍ እየለመደ ነው። ክኒኑን ጠዋት ማታ ዓይኔ እያየ ይውጣል።

ዛሬ እሑድ ከሰዓት መጣበት፤ ክኒኑን ከጀመረ የመጀመሪያው ነው። «መጣበት» አላልኩም። «ዘሩን በሽታው ጣለው» አልኩ፣ ልጆቹ እንዲሰሙ። ሐኪሟ እንዳሳየችኝ በጎኑ አስተኛሁት፣ ከራሱ ሥር ሹራቤን አደረግሁለት። ክብሪት የለም። ውኃ የለም። ሮዳስና ማዕረግ ግድግዳውን ተደግፈው እጃቸውን ከኋላቸው ደብቀው ቆመዋል።

እንደ መንቃት ሲል ዘሩ አቃሰተ፤ ከዚያ አለቀሰ። ሁልጊዜም ሲነቃ ያለቅሳል፤ ራሱን ያመዋል።

«አሁን የሚያለቅሰው ማነው?» አለ ማዕረግ በሹክሹክታ።

«ዘሩ ነው።»

«ያን ጊዜ ጠበሉ ጋስ?»

«ያን ጊዜም ዘሩ ነበር። ውሸቴን ነው የነገርኳችሁ።»

ማዕረግ መጥቶ የወንድሙን እግር በሁለት እጁ ያዘ። ሮዳስ ግን ከግድግዳው አልተላቀቀችም። ክንዷ ላይ እኔ ያደረግሁት ጠባሳ አለ፤ በእጅጌዋ ትሸፍነዋለች።

«እኔም ሳለቅስ እኔ ነበርኩ?» አለችኝ።

«አንቺ ነበርሽ የኔ ልጅ።»

አሰበች። ልታምነኝ ፈልጋለች፣ ግን አንድ ነገር ቀርቷታል።

«አንቺ ስትመቺኝስ ማን ነበር?»

ሰይጣን ነው ልል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ፍሮምሳን የመታሁ ለትም እዚህ ላይ የጻፍኩት እሱን ነው። ዘሩ ዓይኑን ገልጦ ያየኛል፣ ማዕረግ ያየኛል፣ ሮዳስ እጅጌዋን ይዛ ትጠብቃለች።

«እኔ ነበርኩ» አልኳት።